ጋኑን የከሰሰው ማነው?

ፋብሪካ የጠመቀው ንጹሕ ነው፤ ሴት ጓሮዋ ውስጥ የጠመቀችው አደገኛ ነው። ይህ አባባል በከተማችን ማስረጃ የማይጠየቅበት እውነት ሆኗል። የጤና ባለሙያው ይለዋል፣ የወረዳው ሹም ይለዋል፣ ልጁን የሚድረው አባትም የቢራ ሳጥን እያስቆጠረ ይለዋል። በክፍለ ከተማችን በኮልፌ ቀራኒዮ ዛሬ ደህና ድግስ የሚባለው ሳጥኑ ከድንኳኑ ጀርባ እስከ አጥሩ የተደረደረበት ነው። ጠላ ካለም ለሽማግሌዎች ይሉኝታ ሲባል በፕላስቲክ ጆግ ጥግ ይቀመጣል። ወጣቱ አንዴ ቀምሶ «የድሮ ነገር» ይልና ወደ ጠርሙሱ ይመለሳል።

ይህን አባባል ልሞግት ነው። ጠላ ቅርስ ነውና ይጠበቅ ልል ግን አልተነሳሁም። እንደዚያ ያለው ሙገሳ ጠላን ለበዓል ቀን በሞሰብ አጠገብ አስቀምጦ ፎቶ የሚያነሳ ነው፤ በማግስቱ ጠማቂዋን የሚያስታውሳት የለም። የምለው ሌላ ነው። ጠላ የጠመቃ ሥራ ነው፣ የምትጠምቀውም ሴት ባለሙያ ናት፤ ሕጉም፣ ብድሩም፣ ቁጥጥሩም ለፋብሪካው በሚሰጠው ክብደት ይድረሳት። እስካሁን የደረሳት ንቀት ብቻ ነው። ንቀቱ ደግሞ ንጽሕና የሚል ካባ ደርቦ ስለሚመጣ፣ ከካባው ልጀምር።

የጠላን አሠራር ያየ ሰው «ቆሻሻ» ከማለቱ በፊት ትንሽ ያመነታል። ጋኑ በግራዋ ይታሻል፣ በወይራ ጭስ ይታጠናል። ጌሾው ተወቅጦ በውሃ ይጠነሰሳል። ብቅሉ ይከተላል፣ ቂጣው ይቆረሳል። እህሉ ተቆልቶና ተፈጭቶ ድፍድፉ ውስጥ ይገባል። ከቀናት በኋላ ውሃ ተጨምሮበት የጋኑ አፍ ይታፈናል። ይህ ሁሉ ዝም ብሎ ልማድ አይደለም። ጭሱ በጋኑ ግድግዳ ላይ የተረፈውን ጀርም ያዳክማል። የተቆላ እህል እሳት አይቶ ነው የሚገባው። ጌሾ መጠጡን ያመረዋል፣ የሚያበላሹትን ባክቴሪያዎችም ይገታል፤ ለአውሮፓ ቢራ ሆፕስ የሚሠራውን ሥራ ማለት ነው። መፍላቱ ራሱ ድፍድፉን ያኮመጥጠዋል፣ አልኮልም ይፈጥርበታል፤ በሽታ አምጪ ጀርሞች ደግሞ ኮምጣጣና አልኮል ያለበት ቦታ አይመቻቸውም። እናቶቻችን ማይክሮስኮፕ አልነበራቸውም፤ ውጤቱን ግን በጋን ሙሉ እየፈተኑ ነው እዚህ ያደረሱት።

ታዲያ እንከን የለበትም ወይ? አለበት። እንከኑ ግን ከሳሾቹ በሚጠቁሙት ቦታ አይደለም። ያለው ዘግይቶ በሚጨመረው ውሃ ላይ ነው፤ ጣሳው በሚለቀለቅበት ባልዲ ላይ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ባልተቀየረው ማጥለያ ጨርቅ ላይ ነው። የውሃ መድኃኒቱ ቧንቧ ነው፣ የባልዲውም የሚፈስ ውሃና ሳሙና ነው። ሥጋ ቤቶቻችን ስንት ጊዜ ቆሻሻ ተገኝቶባቸዋል? ሥጋ መሸጥ ይቅር ያለ ግን የለም፤ ነጭ ካፖርት ይልበሱ፣ ሴራሚክ ይለጥፉ፣ ማኅተም ያለው ሥጋ ብቻ ይሽጡ ነው የተባለው። ለጠላ ቤት እንዲህ ያለ ነገር የሚያስብ ተቆጣጣሪ ብዙ አይታይም። ወይ አይቶ እንዳላየ ያልፋል፣ ወይ ደግሞ አንድ ቀን መጥቶ ጋኑን ያስደፋል።

ክርክሩ ሲጠብቅ ሜታኖል፣ መርዛማው አልኮል፣ የሚለው ቃል ይመጣል። እዚህ ላይ አረቄና ጠላ ተደባልቀው ነው የሚከሰሱት። አረቄ በእንፋሎት ይጣራል፤ ሲጣራ የአልኮሉ ኃይል ከፍ ይላል፣ ባልሠለጠነ እጅ ደግሞ ያልተፈለገው ነገር አብሮ ሊወርድ ይችላል። ለአረቄ ጥብቅ ቁጥጥር ያስፈልጋል የሚለኝን አልከራከረውም። ጠላ ግን በእንፋሎት አይጣራም። ከእህል የፈላ፣ ኃይሉ በአብዛኛው ከቢራ የማይበልጥ፣ ብዙ ጊዜም የሚያንስ መጠጥ ነው። ለነገሩ የታሸገ ነገር ዋስትና ነው የሚል ሰው ወደ ሩሲያ ይመልከት። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2023 በሳማራና በኡሊያኖቭስክ አካባቢ «ሚስተር ሲደር» የሚባል፣ በበርሜል እየተጫነ ለቢራ መሸጫዎች የተከፋፈለ መጠጥ ሜታኖል ተገኘበትና ከ30 በላይ ሰው ገደለ። የመንደር ሴት በጋን የጠመቀችው አልነበረም። ስም ነበረው፣ አምራች ድርጅት ነበረው፣ በርሜሉም የተከደነ ነበር።

ሩሲያን ካነሳሁ አይቀር፣ ከዚያች አገር የቢራ ታሪክ ሌላም የምንማረው አለ። ቢራ እዚያ ለረጅም ጊዜ በሕግ ከምግብ ተርታ እንጂ ከአልኮል መጠጥ አይቆጠርም ነበር። በየመንገዱ ኪዮስክ ከዳቦና ከሲጋራ ጋር ይሸጥ ነበር። ሐሳቡ ቮድካ የጨረሰውን ሕዝብ በለዘብተኛው መጠጥ ማዳን ነው ተባለ፣ ገበያውም እንደ ጉድ ሰፋ። መንግሥት ቢራን አልኮል ነው ብሎ በሕግ ያወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ ከ2013 መግቢያ ጀምሮም ከኪዮስክ አስወጣው። «ለዘብ ያለው ይሻላል» የሚለው መከራከሪያ ለፋብሪካዎቹ ሀብት ካመጣ በኋላ ነው የተጠየቀው። በዚያው አገር ከዳቦና ከእህል የሚፈላው ክቫስ ግን የድሃ መጠጥ ነው ተብሎ አልተጣለም። ደረጃ ወጥቶለት፣ የአልኮል ጣሪያው ከ1.2 በመቶ እንዳያልፍ ተወስኖለት በሕጋዊ ገበያ ይኖራል። ከክቫስ የምወስደው ይህን ነው፤ የቤት መጠጥ ተለክቶ ደረጃ ሊወጣለት ይችላል።

የእኛም መንግሥት ስለ ቢራ ያለውን እምነት በሕግ ጽፎታል። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል፣ ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው መሸጥንም ከልክሏል። ከዚያ በፊት በየዜናው መሐል የሚፈስሰው አረፋ፣ የሚጨፍረው ወጣት፣ የአንበሳና የዋልያ ቢራ ድምቀት ትዝ የሚለው ይኖራል። ቢራ ንጹሕና ጤናማ ቢሆን ኖሮ አዋጁ ለምን አስፈለገ? ጉበት የሚጎዳው፣ ቤት የሚያፈርሰው፣ አሽከርካሪ የሚገድለው ነገር በጋኑም በጠርሙሱም ውስጥ አንድ ነው። ልዩነቱ ጠርሙሱ ላይ መጠኑ መጻፉ ነው። ይህ ትክክለኛ ልዩነት ነው፣ ለቢራም ክብር እሰጠዋለሁ። ነገር ግን የአልኮል መለኪያ መሣሪያ ውድ አይደለም፤ አንድ የወረዳ ጤና ጣቢያ ሊይዘው ይችላል። የእያንዳንዷ ጠማቂ ጠላ ስንት በመቶ እንደሆነ የማናውቀው ሊለካ ስለማይችል ሳይሆን በየጊዜው የሚለካው ስለሌለ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እንደ ጠላ ያለውን የቤት መጠጥ «ያልተመዘገበ» በሚል ዓምድ ውስጥ ይጥለዋል። ያልተመዘገበ ነገር ደግሞ በሪፖርት ላይ ሁልጊዜ ጥፋተኛ ይመስላል።

አሁን ወደ ባለቤትነቱ ልምጣ፤ ምክንያቱም «የእኛ ቢራ» የሚለው ኩራት የክርክሩ ግማሽ ነው። ክፍለ ከተማችን በሁለት የቢራ መንገዶች ዳር ነው ያለው። በአየር ጤና በኩል የሚወጣው የጅማ መንገድ ሰበታን ያገኛል፤ ሰበታ ላይ ሜታ አቦ አለ። በስተሰሜን የሚያልፈው የአምቦ መንገድ ደግሞ ሆለታ ይደርሳል፤ እዚያ የገብስ ዝርያ የሚመራመረው ማዕከል አለ። ሜታ በንጉሡ ዘመን ተቋቋመ፣ በደርግ ተወረሰ፣ በ2004 ዓ.ም. ለእንግሊዙ ዲያጆ በ225 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ዲያጆ አሥር ዓመት ቆየና በ2014 ዓ.ም. ለቢጂአይ አስረክቦ ሄደ። ቢጂአይ የፈረንሳዩ ካስቴል ንብረት ነው፤ በ1915 ዓ.ም. የተቋቋመውን ቅዱስ ጊዮርጊስንም በ1990ዎቹ መግቢያ ላይ ወስዷል። የሐረርና የበደሌ ቢራ ፋብሪካዎች በ2003 ዓ.ም. በድምሩ በ163 ሚሊዮን ዶላር የሄኒከን ሆኑ። ሄኒከን ቂሊንጦ ላይ ሌላ ፋብሪካ ሠርቶ «ዋልያ» የሚል ስም አወጣለት። «ሐበሻ»ም በብዙ ሺህ የአገር ውስጥ ባለአክሲዮኖች ቢጀመርም ዋነኛ ባለድርሻው የደች ጠማቂ ቤተሰብ ነው።

የውጭ ባለሀብት ይውጣ እያልኩ አይደለም። ቀረጥ ይከፍላሉ፣ ሰው ይቀጥራሉ፣ ማሽናቸውም ያስቀናል። የማልቀበለው ታቦትና ቅዱስ፣ ተራራና ብርቅዬ እንስሳ ጠርሙስ ላይ ተለጥፎ «አገርህን ጠጣ» ሲባል፣ በዚያው ሰፈር አገርኛውን የምትጠምቀው ሴት እንደ አገር ነቀርሳ ስትታይ ነው። ደግሞ ባለሀብት ሲመቸው ይመጣል፣ ሳይመቸው ይሄዳል፤ ይህ ሐሜት ሳይሆን የንግድ ጠባይ ነው። ሌኒንግራድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1990 የተቋቋመው ባልቲካ የሩሲያ ትልቁ ቢራ ጠማቂ ሆነ፣ በዴንማርኩ ካርልስበርግ እጅ ገባ፣ በ2023 ደግሞ በፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ በመንግሥት አስተዳደር ሥር ዋለ። በዚያው ዓመት ሄኒከን የሩሲያ ፋብሪካዎቹን በሙሉ በአንድ ዩሮ ሸጦ ወጣ። አንድ ዩሮ! አጠና ተራ አካባቢ ጠላ የምትሸጥ ሴት ጋኗን በዚያ ዋጋ አትለቅም።

ገብሱ ላይ ሲደረስ ነገሩ የበለጠ ያንገበግባል። ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1919 ዓ.ም. አገራችንን ዞሮ ዘር ሲሰበስብ፣ የገብሳችን ዓይነት ብዛት አስደንቆት ኢትዮጵያን ከዓለም የሰብል መፍለቂያዎች ተርታ አስገባት። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ ደግሞ የጀርመን ተመራማሪዎች ከዚህ ወስደው ባስቀመጡት ገብስ ውስጥ፣ ቅጠሉን ነጭ ዱቄት የሚያስመስለውን የሻጋታ በሽታ የሚቋቋም ዘረመል ተገኘ። ያ ዘረመል ከ1970ዎቹ መገባደጃ ጀምሮ ወደ አውሮፓ የገብስ ዝርያዎች ገብቶ ዛሬም የብዙዎቹን የቢራ ገብሶች ቅጠል ይጠብቃል። ካሊፎርኒያም ገብሱን ቢጫ አድርጎ የሚያቀጭጭ ቫይረስ ሲያስቸግራት ያዳናት ከኢትዮጵያ ገብስ የተገኘ ሌላ ዘረመል ነው። እንግዲህ አውሮፓዊው ጠማቂ የሚኮራበት ብርጭቆ ውስጥ የአርሶ አደሮቻችን እጅ አለ፤ ያንን ልዩ ልዩ ገብስ ለሺህ ዘመናት እየመረጡ የዘሩት እነሱ ናቸውና።

ፋብሪካው ግን ያንን ብዛት አይፈልገውም። ብቅል አምራች የሚሻው አንድ ዓይነት ፍሬ፣ እኩል የሚበቅል፣ ፕሮቲኑ ከ12 በመቶ ብዙም የማይዘል ገብስ ነው። ስለዚህ ለአርሲና ለባሌ ገበሬ እንደ «ትራቬለር» እና «ግሬስ» ያሉ የአውሮፓ ዝርያዎች መጡለት። ገበሬው በዚህ ተጠቅሟል፣ አልክድም፤ ኮንትራት ያለው ገበያ ከሌለው ይሻላል። ከአሰላና ከጎንደር የብቅል ፋብሪካዎች ላይ በ2013 ዓ.ም. ገደማ የውጭዎቹ ብቅል አምራቾች ቡርትሞልትና ሱፍሌ ደብረ ብርሃንና አዲስ አበባ ላይ ሲጨመሩም፣ ብቅል ከውጭ ለማስገባት ይወጣ የነበረው ዶላር ቀንሷል። ሆፕሱ ግን ዛሬም በውጭ ምንዛሪ ነው የሚገባው፤ ጌሾ በየአጥሩ በቅሎ ሳለ። ጠላ ጠማቂዋ ከዚህ የተለየች ገዢ ናት። ጥቁር ገብስ ቢመጣላት ትወስዳለች፣ ዳጉሳም፣ ማሽላም፣ በቆሎም አትመልስም። ፋብሪካው «ለብቅል አይሆንም» ብሎ የመለሰው የገበሬ ዘር ከእሷ ዘንድ ዋጋ አለው። ስለ ብዝሃ ሕይወት ሴሚናር የሚያዘጋጁ ተቋማት ይህችን ገዢ በዝርዝራቸው ውስጥ አይጽፏትም።

የቤት ጠመቃን በንጽሕና ስም ማሳደድ አዲስ ነገር አይደለም። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1908 የወጣ ሕግ የደርባን ከተማ አስተዳደር ለጥቁሮች ቢራ የመጥመቅና የመሸጥ መብቱን ብቻውን እንዲይዝ አደረገው። ሥርዓትና ጤና ተብሎ ነበር። ማዘጋጃ ቤቱ የራሱን የቢራ አዳራሾች ከፈተ፣ ከዚያ በሚገኘው ገንዘብም ጥቁሮችን የሚቆጣጠርበትን አስተዳደር ደጎመ፤ በየቤታቸው የሚጠምቁት ሴቶች ደግሞ ወንጀለኞች ሆኑ። በ1959 በደርባን ካቶ ማኖር ሰፈር ፖሊስ የሴቶቹን ድፍድፍ ሲደፋባቸው ሴቶቹ ዱላ ይዘው የማዘጋጃ ቤቱን አዳራሾች ወረሩ። የእኛ ሁኔታ ያንን ያህል ጭካኔ አለበት አልልም። የአስተሳሰቡ ቅርጽ ግን ይመሳሰላል፤ ትልቁ ሲጠምቅ ልማት ይባላል፣ ትንሿ ስትጠምቅ ችግር ትባላለች።

ትንሿ ማን ናት? በየሰፈራችን በወይራ፣ በሎሚ ሜዳ፣ በታይዋን በኩል ብትጠይቁ መልሱ ተቀራራቢ ነው። ባሏ የሞተባት፣ ከገጠር መጥታ ሌላ መቀጠሪያ ያጣች፣ ልጆቿን በጣሳ ሒሳብ ያስተማረች። እህሉን ከእፎይታ ገበያ ትገዛለች፣ ጌሾውን ከጉልት። አተላውም ቢሆን አይባክንም፤ በጉን ወይም ላሟን የሚያደልብ ጎረቤት በባልዲ ይወስደዋል። የዚህ ንግድ ገንዘብ ከሰፈሩ ብዙም አይርቅም። ኢንቨስትመንት ቢሮ ግን አያውቃትም። ብድር ተቋም ልብስ ስፌትና ዶሮ እርባታ ብትለው ይሰማታል፣ ጠላ ስትለው ፊቱን ያዞራል።

ሥራው ጣፋጭ ነው እያልኩ እንዳይመስል። ጭሱ ዓይን ያጠፋል፤ ጋን ማንሳት ወገብ ይሰብራል፤ ማታ ማታ የሰከረ ሰው መሸኘት አለ፤ ከትምህርት ቤት ቀርታ ጣሳ የምታጥብ ልጅም አለች። ጠላ ቤት ይዘጋ የሚሉ ሰዎች ይህን ሁሉ ይዘረዝሩና ማስረጃ ያደርጉታል። እኔ ግን የዘረዘሩት ሁሉ ፈቃድ ለመስጠት ምክንያት ይመስለኛል። ፈቃድ ያላት ሴት የመዝጊያ ሰዓት አላት፣ ሰክሮ የሚያስቸግረውን ፖሊስ ጠርታ ታስወጣዋለች፣ ሕፃን ብታሠራ ትጠየቃለች። ፈቃድ የሌላት ሴት ፖሊስ ስትጠራ የምትጠራው በራሷ ላይ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ኮልፌ የሙስሊሙም ሰፈር ነውና። ቅሪቦ ከተቆላ ገብስ የሚሠራ፣ የማያሰክር መጠጥ ነው፤ በየሙስሊሙ ቤት ለበዓል አይቀርም። የሐረር ቢራ ፋብሪካ ያንን ፍላጎት አይቶ አልኮል የሌለበት «ሶፊ ማልት» አወጣ፣ በጠርሙስም ሸጠ። ብልህ ንግድ ነው። ቅሪቦ የሚያዘጋጁትን ሴቶች ግን ገበያ ውስጥ ላስገባችሁ ያላቸው የለም። የእነሱ መጠጥ ሰካራም አያመጣም፣ ስለዚህ የሥርዓትና የስካር ክስ እዚህ አይሠራም፤ ያም ሆኖ እጣቸው የጠላዋ ጠማቂ እጣ ነው። ይህ የሚያሳየው ነገሩ ከአልኮል ይልቅ ከአምራቿ ማንነት ጋር የተያያዘ መሆኑን ነው።

የሚፈለገው ብዙ አይደለም። ወረዳዎች ለጥቃቅንና አነስተኛ ንግድ በሚሰጡት ፈቃድ ውስጥ የጠላና የቅሪቦ ጠመቃ ራሱን የቻለ ዘርፍ ይሁን። አረቄ ከዚህ ይለይና በራሱ ጥብቅ ደንብ ይተዳደር። ጤና ጣቢያው በየጊዜው የውሃና የአልኮል ናሙና ይውሰድ፤ ያለፈችዋ ወረቀቷን ግድግዳዋ ላይ ትስቀል፣ የወደቀችዋ ጊዜ ይሰጣት። ሆለታ ያሉት ተመራማሪዎች ለፋብሪካ ብቅል የሚያወጡትን ያህል፣ ለጠላ የሚስማማ የአገር ዘር ምን እንደሆነም ይንገሩን።

ቶሎ ሊወሰን የሚገባው ግን የቦታው ጉዳይ ነው። አሮጌው የኮልፌ መንደር እየፈረሰ ነው፤ ነዋሪው ወደ ኮንዶሚኒየም እየገባ ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ ጋን አይታጠንም። ኮንዶሚኒየሞቹ ሲሠሩ ለእርድ፣ ለእንጀራ ጋገራና ለድግስ ማብሰያ የጋራ መገልገያ ቤቶች ተሠርተውላቸዋል፤ ብዙዎቹ ዛሬ ወይ ተቆልፈዋል፣ ወይ ለመጋዘን ተከራይተዋል። ውሃም፣ ጭስ ማውጫም፣ የፍሳሽ መስመርም እንዲኖራቸው ነው የታሰቡት። ለጠላ ጠማቂዎች በተራ ወይም በማኅበር ቢከራዩ፣ ቁጥጥሩም በአንድ ቦታ ይቀልላል፣ ጭሱም ከመኖሪያ ቤት ይወጣል። ለዚህ አዲስ ሕንጻ አያስፈልግም፣ የውጭ ምንዛሪም አያስፈልግም፤ የቤቶቹን ቁልፍ የያዘው የኮንዶሚኒየም ኮሚቴና የፈቃድ ማኅተሙን የያዘው ወረዳ አንድ ቀን ተገናኝተው ቢነጋገሩ ይበቃል።